አምስት ብሩ የገዛው ምኑን ነው?

ከጂንካ የሚመለስ ሰው አንድ ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። «ሙርሲዎች እኮ ገንዘብ ብቻ ነው የሚያዩት! ካሜራ ገና ሳታወጣ ብር፣ ብር፣ ብር!» ይህን ያልሰማሁበት የሐዋሳ ቡና ቤት የለም። ከተማችን ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ማረፊያ ናት። ቱሪስቱ እዚህ ያድራል። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ያያል። ከዚያ በሶዶ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ኮንሶ፣ ወደ ጂንካና ቱርሚ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ፎቶ ቤት አለኝ። ወሬውም ፎቶውም በእኔ በኩል ያልፋል።

ወሬው አይጥመኝም። ለምን እንደማይጥመኝ ለመናገር መጀመሪያ ከደጃችን ልነሳ።

አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ልጆች ቆሮሶ ያጸዳሉ። የዓሣውን አንጀት ወደ ኋላ ሲወረውሩት አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ሲመጣ አንዱ ልጅ ወፉን ያስጠጋና አንጀቱን ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። ወፉ አፉን ይከፍታል። እንግዳው ያነሳና «አንዴ ድገመው» ይላል። ልጁ ከመድገሙ በፊት እጁን ይዘረጋል። ይህን የሚያይ የሐዋሳ ሰው «ጩጬው ነቄ ነው» ብሎ ይስቃል። ያው ሰውዬ ማጎ ፓርክን አልፎ ሙርሲ መንደር ሲደርስና አንዲት ሴት እጇን ስትዘረጋበት ግን «ቱሪዝም አበላሻቸው» ብሎ ይመለሳል። ለኛ ልጅ ብልጠት የሆነው ለሷ ብልሽት የሆነበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ስለ ፎቶና ስለ ክፍያ ትንሽ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። እኔ ጋ ሰው ይመጣል፣ ይነሳል፣ ይከፍላል፣ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። ሰርግም ላይ እንደዚያው ነው። የሚከፍለው ፎቶውን የሚወስደው ሰው ነው። አሁን ይህንኑ ሕግ ወደ ሙርሲ መንደር እንውሰደው። ፎቶውን ይዞ የሚሄደው ማን ነው? ቱሪስቱ። እሷ እጅ ላይ የሚቀር ነገር አለ? የለም። ታዲያ ማን ይክፈል? ሂሳቡ ይሄው ነው። ብር የጠየቀችው ሴት ንግዱን ከኛ በላይ ገብቷታል።

ስለዚህ «መክፈል ተገቢ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ብዙም ጥያቄ አይደለም። ይከፈል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አምስት ብሩ የገዛው ምኑን ነው?

አምስት ብር የምለው በልማድ ነው። ድሮ ሁለት ብር ነበር ይባላል፤ ከዚያ አምስት ሆነ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር እንደጨመረ እሱም ጨምሯል። አሠራሩ ግን ያው ነው። መኪኖች ይደርሳሉ። የመንደሩ መግቢያና የአስጎብኚው ሂሳብ ይከፈላል። ሰው ይሰለፋል። ካሮዎች ዘንድ፣ ኦሞ ወንዝ ከታች ተጠማዞ በሚታይበት በኮርቾ መንደር፣ ሰዎቹ ሰውነታቸውን በነጭ ተቀብተው ይቆማሉ፤ ቱሪስቱ በፊታቸው እየተራመደ «አንቺ፣ አንተ፣ እሷ» እያለ ይመርጣል። ያልተመረጠው እዚያው ቆሞ ይቀራል። የተመረጠው ፊት ለፊት ይወጣል። ሙርሲ መንደር ደግሞ ክሊክ ይቆጠራል። በጣት ነው የሚቆጠረው። ሦስት ክሊክ ከሆነ የሦስት ይከፈላል። የተቀደደ ብር አይቀበሉም፤ አዲስ፣ ያልታጠፈ ይሁን ይላሉ።

እዚህ ላይ ቱሪስቱ ብልሃት አበጀ። ካሜራውን ድምፅ አጠፋው። ስልክ ከሆነማ ጭራሽ አይሰማም፤ አንዴ ተጭኖ ሃያ ፎቶ ይወስዳል። «አንድ ነው ያነሳሁት» ይላል። ይህን እኔ ጋ ለማሳተም ሲመጡ አየዋለሁ። የአንዲት ሴት ፊት ተደርድሮ ይመጣል፤ ልዩነቱ የዐይን ሽፋሽፍት ብቻ ነው። ከመሃሉ አንዱን መርጠው «ይቺን አውጣልን» ይላሉ። የተከፈላት የአንዱን ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፤ ስርቆት ነው።

ሌላው የምሰማው ማጉረምረም ስለ ጌጥ ነው። ቱሪስት ሲመጣ የሙርሲ ሴቶች በዘወትር የማያደርጉትን ነገር ጭንቅላታቸው ላይ ይደረድራሉ፤ ቀንድ፣ የከርከሮ ጥርስ፣ ቅርጫት ሳይቀር። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ቱሪስቱም አውቆት «ኦሪጅናል አይደለም» ይላል። ፎቶ ቤቴ ውስጥ ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ከረባትም አለው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ የሚነሳ ሰው ሁሉ ይለብሰዋል። የባጃጅ ነጂ ለብሶታል፣ ቄስ ለብሶታል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪማ ስፍር ቁጥር የለውም። ለቀጭን ሰው ስለሚሰፋ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ከፊት አይታይም። እስካሁን «ኮቱ ያንተ አይደለም፣ ፎቶው ውሸት ነው» የተባለ ደንበኛ የለኝም። ሰው ፎቶ ሲነሳ ይዘጋጃል። እዚህም እዚያም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ የካላንደር ናሙና ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ነበር። ማተሚያ ቤት ለማስታወቂያ የሚያድለው ዓይነት ነው። የግንቦት ወር ላይ አንዲት የሐመር ሴት አለች። ጸጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ ተድቦልቡሏል። የለበሰችው ቆዳ ዛጎል የተሰፋበት ነው። ከሥሯ «የሐመር ልጃገረድ» ተብሎ ተጽፏል። ቆንጆ ፎቶ ነው፤ ብርሃኑ የጠዋት ነው፤ ፎቶግራፈሩ ሥራውን ያውቃል።

አንድ ቀን ጉርድ ሊነሳ አንድ ተማሪ መጣ። ከደቡብ ኦሞ የመጣ ልጅ ነው። ኮቱን ለብሶ ተራውን ሲጠብቅ ካላንደሩን ተመለከተና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ አይደለሁም። ምነው?»

«ልጃገረድ አይደለችም እኮ።» ተነስቶ በጣቱ አሳየኝ። አንገቷ ላይ ከብረቶቹ በላይ ሌላ ጌጥ አለ፤ ከቆዳና ከብረት የተሠራ፣ ከፊት ለፊቱ እንደ ጉጥ ወጣ ያለ። «ይሄን የምታደርገው የመጀመሪያ ሚስት ናት። ሁለተኛ ሚስት እንኳ አታደርገውም። ማንም የእኛ ሰው ከሩቅ አይቶ ያውቃል።»

እኔ ያን ፎቶ በየቀኑ ሳየው ከርሜ ነበር። ብርሃኑን አይቻለሁ፣ ቀለሙን አይቻለሁ። ሴትየዋ ባለትዳር፣ ያውም የቤቱ ዋና እመቤት መሆኗን አንገቷ ላይ ተሸክማው ቆማለች። ከፎቶግራፈሩ እስከ ማተሚያ ቤቱ፣ ከማተሚያ ቤቱ እስከ እኔ ድረስ ያነበበው የለም።

«ብታየው ምን ትላለች?» አልኩት።

«እሷ ትስቃለች። ባሏ ግን አይስቅም።»

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ከጉርዱ ሌላ ማሳተም የሚፈልገው አንድ ፎቶ ነበረው። እናቱ ናት። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ጌጧንም አድርጋለች፣ ከላይ ሹራብም ደርባለች። ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ ትታያለች። ከኋላዋ ቆርቆሮ ቤት አለ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም። ልጁ አንሺው ራሱ ነው፤ «እግሬ እንዳይቆረጥ ብላኝ ወደ ኋላ ብዙ ሄጄ ነው ያነሳኋት» አለኝ።

በትልቁ አወጣሁለት። የእኔም እናት ድሮ ስቱዲዮ ገብታ የተነሳችው እንዲሁ ነው። የሁላችንም እናቶች እንዲሁ ነው የተነሱት። ሰው ራሱ መርጦ ሲነሳ የሚመጣውና ሌላ ሰው መርጦ ሲያነሳው የሚመጣው ፎቶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሳይ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ካላንደሩን አወረድኩት። ደንበኞች የት ሄደ ብለው ጠየቁ፤ ቆንጆ ነበረ አሉ። ነበረ።

ካላንደሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ብር ተቀብላ ሊሆን ይችላል። ተቀብላለች እንበል። የተቀበለችው ቆማ ለመነሳቷ ነው። ሐዋሳ ግድግዳ ላይ ለመሰቀል አልተዋዋለችም። «ልጃገረድ» ለመባልም አልተስማማችም። ቱሪስቱ መኪናው ውስጥ ሲገባ ሂሳቡ የተዘጋ ይመስለዋል። የእሷ ሂሳብ ግን ገና መከፈቱ ነው፤ ፎቶው ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው።

ሙርሲዎች ራሳቸው ይህን ከጠየቁ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነሱን ሲያጠና የኖረ ዴቪድ ተርተን የሚባል እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ቱሪስትና ስለ ካሜራ ጽፏል። ሙርሲዎች ይጠይቁት ከነበረው አንዱ «እነዚህ ሰዎች ፎቶውን ምን ያደርጉበታል?» የሚል ነው። የዋጋ ክርክር ብቻ ነው የምንሰማው እንጂ ይሄ ጥያቄ ከድሮም ነበረ። መላሽ ነው የጠፋው።

የሚገርመው ሕጋችንም ጥያቄውን ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ስለ ማንሳት አይደለም የሚያወራው። ስለ መለጠፍ፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው። ከክሊኩ በኋላ ስላለው ነገር ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ ተነሺው ነገሩ እንዲቆም መጠየቅ እንደሚችልና ፍርድ ቤትም ካሳ ሊወስንለት እንደሚችል ይናገራል፤ ካሳው ለጣፊው ወይም ሻጩ ያተረፈውን ያህል ሊደርስ ይችላል። በጃንሆይ ዘመን የተጻፈ ነው። ኢንተርኔት በሕልም እንኳ አልነበረም።

ግን በመካከላቸው አንቀጽ 28 አለ። ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል። የታወቀ ሰው ከሆነ፣ ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ከሆነ። እስከዚህ ደህና ነው። ቀጥሎ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ይላል፤ በአደባባይ የተደረገ ክንውንም ይጨምራል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ነገር ግን ይታየኛል። እኔ ሐዋሳ ላይ ካፌ ተቀምጬ ብነሳና ፎቶዬ ማስታወቂያ ላይ ቢወጣ አንድ ግለሰብ ነኝ፤ እከሳለሁ። የሐመሯ ሴት ግን ከመጀመሪያውም የተነሳችው «ባህል» ተብላ ነው። ገበያ ላይ ብትሆን አደባባይ ነው፤ ሥነ ሥርዓት ላይ ብትሆን ክንውን ነው፤ ቤቷ ደጅ ላይ ብትሆን ባህል ነው። በየትኛው በኩል ትግባ? ዳኛ ፊት ቀርቦ ይህ ቢሟገት ሌላ ውጤት ሊመጣ ይችል ይሆናል። ለመሟገት ግን መጀመሪያ ፎቶው የት እንዳለ ማወቅ አለባት።

ይሄ «ባህል» የሚባል ነገር ብዙ ያስፈቅዳል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የተመዘገበው እዚያ በተገኘው የጥንት ሰው ቅሪተ አካልና የድንጋይ መሣሪያ ምክንያት ነው። የአስጎብኚዎችን ብሮሹር ብታነቡ ግን ከዩኔስኮ ዓርማ አጠገብ የሚቀመጠው የከንፈር ሸክላ ያደረገች ሴት ፎቶ ነው። የተመዘገበችው እሷ ትመስላለች። በሕይወት ያለ ሰው ከቅሪተ አካል ጋር አንድ መደብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

ከሁሉም የሚከብደኝ የከብት ዝላዩ ነው። ሐመሮች ዘንድ አንድ ጎረምሳ ወደ ሙሉ ወንድነት የሚሸጋገረው የተደረደሩ ከብቶችን ጀርባ ላይ ሮጦ በማለፍ ነው። ራቁቱን ነው የሚዘለው። ዘመዶቹ የሆኑ ሴቶች ለእሱ ያላቸውን ፍቅር ለማሳየት በአለንጋ ይገረፋሉ፤ ራሳቸው ናቸው «ምታኝ» የሚሉት። ይሄ ለእነሱ ምን እንደሆነ ለመተንተን አልደፍርም። ቱሪስት ግን ከፍሎ ይገባል፤ ያነሳል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ድግስ ነው፣ ወጪ አለበት። ልጁንስ ማን ጠየቀው? ያ ልጅ ነገ አስተማሪ ይሆናል፣ የጤና ባለሙያ ይሆናል፣ ወረዳው ላይ ወንበር ይይዛል። የዚያን ቀን ራቁቱን የተነሳው ፎቶ ደግሞ ከማያውቀው ሰው ገጽ ወደ ሌላ የማያውቀው ሰው ገጽ ይሄዳል። የገዛ ዘመዱ ፊት ራቁት መሆን አንድ ነገር ነው። ለዓለም ሁሉ ራቁት መሆን ሌላ ነው።

እስካሁን ቱሪስት ቱሪስት ስል ፈረንጅ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናስበው። እኔ ግን ፈረንጁን ማማት ሰልችቶኛል። አሁን አሁን ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለረጅም የዕረፍት ቀን ከዚሁ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ተጠራርተው ትሪፕ የሚወጡ ወጣቶች አሉ። ጥሩ ነው፤ አገርን ማየት ጥሩ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ይደርሳሉ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ክፍያ ሲጠየቁ ግን ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «እኛ እኮ ኢትዮጵያውያን ነን! የምን ክፍያ?» ወገንነት ቅናሽ ማስጠየቂያ ሆነ። ፈረንጁ ቢያንስ ከፍሎ ነው የሚሄደው።

ፎቶውና ቪዲዮው ደግሞ ወደ ቲክቶክ ይሄዳል። የሽማግሌ ንግግር ላይ የኮሜዲ ድምፅ ይለጠፍበታል። ገበያ ላይ የቆመች ልጅ ጎን ሄዶ መደነስና «አገባት እንዴ?» ብሎ መጻፍ አለ። ተመልካቹ ይስቃል፤ እኔም የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ። ፈረንጁ ፎቶውን ሮተርዳም ሄዶ ሳሎኑ ላይ ቢሰቅለው የዲመካ ሰው አያየውም። የእኛ ቲክቶክ ግን ማታውኑ ዲመካ ይደርሳል። እዚያም ኔትወርክ አለ፣ እዚያም ስልክ አለ። የተቀለደበት ሽማግሌ የልጅ ልጅ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ተኝቶ ሲያየው፣ ከላይኛው አልጋ ያለው ጓደኛው እየሳቀበት ነው። የእኛ ፎቶ ጉዳቱ ቅርብ ነው፤ ርቀት የለውም።

ሐዋሳ ላይ ተቃራኒውንም እናያለን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ፣ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ላይ ካሜራ የሌለው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ፣ ጨፋሪዎቹ ይነሳሉ፣ እኔም ለሥራ እወጣለሁ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ ግን እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ይዞኝ አያውቅም። ምክንያቱን አሰብኩበት። ባለበዓሉ ራሱ ካሜራ ይዟል። አንሺውም ተነሺውም «አይዴ ጫምባላላ» ይባባላል። ሲዳማ የራሱ ክልል አለው፣ የራሱ ጋዜጠኞች አሉት። የአንድን ሽማግሌ ፎቶ ለጥፌ የተሳሳተ ነገር ብጽፍበት እስከ ማታ ሺህ ሰው ያርመኛል፤ ዘመዱ ሱቄ ድረስ ይመጣል። ካላንደሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን «ልጃገረድ» ተብላ ስንት ወር ተሰቀለች? አንድ ተማሪ በአጋጣሚ ጉርድ ባያስፈልገው ኖሮ ዓመቱን ትጨርስ ነበር።

ጂንካ ላይ አስጎብኚ የሆነ ወዳጅ አለኝ። በዚህ ነገር ላይ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እሱ የሚለው ይሄ ነው፦ «ወንድሜ፣ አንተ ሐዋሳ ተቀምጠህ ነው የምታወራው። እዚህ ያለ ፎቶ ቱሪስት የለም። በኮሮና ጊዜ ሰው ሲጠፋ አይተነዋል።» ቀጥሎ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲጎድል ዳርቻው ላይ የሚቀረው ለም አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ያ ሙላት ቀረ። ከታች ደግሞ ሰፊ መሬት ለስኳር ልማት ተወሰደ። «ማሽላው ቢኖር» ይላል ወዳጄ፣ «ለአንድ ክሊክ የሚጨቃጨቅ ሰው አታገኝም ነበር።» የቱሪስቱ ፎቶ ውስጥ ግድቡ አይታይም፤ እርሻው አይታይም፤ ሴትየዋና ሸክላዋ ብቻ ናቸው የሚታዩት። «ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ ሕይወት» ተብሎ ይጻፍበታል። ባለፉት ዓመታት ከዚያ አካባቢ በላይ ኑሮው የተለወጠበት ስንት ቦታ አለ?

በዚህ እስማማለሁ። የማንስማማው በአከፋፈሉ ነው። አንዳንድ መንደር አሁን ክሊክ መቁጠር ቀርቶ በጅምላ ይከፈላል። ቱሪስቱ አንዴ ይከፍልና እንደልቡ ያነሳል። ወዳጄ ይሄን ይወዳል፤ ጭቅጭቅ የለም፣ እንግዳውም ደስ ይለዋል። እኔ ግን ደስ አይለኝም። ክሊክ ሲቆጠር ብሩ የሚገባው ሴትየዋ እጅ ነው። የማትፈልግ ከሆነ ፊቷን አዙራ መሄድም ትችላለች። በጅምላ ሲሆን ብሩን የሚቀበለው አንድ ሽማግሌ ወይም ኮሚቴ ነው፤ እሷ ፊቷን ብታዞር እንኳ «ከፍዬበታለሁ» ይላታል። ለእንግዳው የቀለለው ነገር ለእሷ «አይሆንም» ማለትን አከበደባት። ወዳጄ «ይከፋፈሉታል» ይላል። እንዴት እንደሚከፋፈሉት ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል።

ሕፃናትን በተመለከተ ግን ሁለታችንም አንድ ነን። ወደ ጨንቻ ስትወጡ መንገድ ላይ የሚጨፍሩትን፣ በበናዎች አካባቢ ነጭ ተቀብተው ረጃጅም እንጨት ላይ የሚቆሙትን ታውቋቸዋላችሁ። መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ለፎቶ ስትከፍሉት ልጁ ነገም ይመጣል። ነገ ትምህርት አለ። ይሄ ብዙ ፍልስፍና አይፈልግም፤ ለልጅ ፎቶ አይከፈል፣ ፎቶውም አይነሳ።

እኔ ከሱቄ ሆኜ ማድረግ የቻልኩት ጥቂት ነው። ከደቡብ ተመልሶ ፎቶ ለሚያሳትም ሰው «አንድ ተጨማሪ ኮፒ ላውጣና ለተነሱት እንላክ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይከፍላሉ፤ አንዳንዱ ኪሱን ይዳብሳል። ላሚኔት አደርገዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ጭስ አለ፣ ቅቤና ቀይ አፈር ያለበት እጅ ይነካዋል፣ ወረቀቱ ብቻውን አይቆይም። ወዳጄ መንደሩን በስልክ ይነግረኛል፣ በአውቶቡስ እልክለታለሁ፣ ያደርሳል። ምላሹ ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ፊት ብቻ ተቀርቦ የተነሳውን አይወዱትም፤ «ሌላው ሰውነቴ የት ሄደ?» ያሉት አሉ። ያ ተማሪ ስለ እናቱ እግር ያለኝ ትዝ አለኝ።

አንዱ ፎቶ ተመልሶ መጣ። ቤተሰቡ አልተቀበለውም። ልጅቷ ስትነሳ አዝና ነበር፤ ለሐዘን የምታደርገው ነገር ላይዋ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ለምን እንደቆመች እንጃ። «ይጥፋ» አሉ። ላነሳው ሰው ጻፍኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ በማግስቱ ከገጹ አወረደው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ግን ፎቶውን ቀደም ብሎ ፎቶ ለሚሸጥ ድርጅት ሰጥቶት ነበር። ከዚያ ማን እንደገዛው እሱም አያውቅም። እኔ ጋ ያለውን ኮፒ አጠፋሁ፤ የእኔ ሥልጣን እስከዚያ ድረስ ነው።

አሁን ከደንበኞቼ ጋር አዲስ ነገር ጀምረናል። ከመሄዳቸው በፊት የሚመጡ ካሉ ትንሽ ደብተር እንዲይዙ እነግራቸዋለሁ። የተነሺው ስም፣ መንደሩ፣ «የት ልትለጥፈው ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ የተሰጠው መልስ። አስጎብኚው ያስተረጉማል። አንዲት ልጅ ይህን አድርጋ ተመለሰች። ከጠየቀቻቸው መካከል «አንሺኝ፣ ግን ስልክ ላይ አታውጪው» ያሏት ነበሩ። ብር ግን ተቀብለዋል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጣም የለው፣ ምስጢርም የለው።

የሚቀጥለው ጥቅል ሱቄ ተዘጋጅቷል። አብዛኛው የካሮና የሐመር ነው። ወዳጄ በዚህ ወር ወደ አዲስ አበባ ስለወጣ ተቀባይ የለኝም። በቱርሚ በኩል የምታልፉ፣ ቦታ የማይይዝ አንድ ፖስታ መያዝ የምትችሉ ካላችሁ ጎራ በሉ። የመንደሮቹ ስም ከፖስታው ጀርባ ተጽፏል። ሻይ በእኔ ነው።